ክንድ ይዙር ወይስ አይዙር?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከተለያየ አገር ቢመጡም ጉዳያቸው አንድ ነው፦ በጎልፍ ስዊንግ (ዱላውን አወዛውዞ መምታት) ጊዜ ክንድ ምን መሥራት አለበት? አስቀድመን በጥቂት ቃላት እንስማማ። «ክንድ» ስንል የጨርቅ ነጋዴ እንደሚለካው ከክርን ወደ እጅ ያለውን ነው። ከትከሻ እስከ ክርን ያለውን «የላይኛው ክንድ» ብለነዋል። ዱላው እጀታ፣ ዘንግና ራስ አለው፤ ኳሱን የሚነካውን ጠፍጣፋ የራሱን ገጽ «ፊት» እንለዋለን። ፊቱ ከዒላማው ወደ ቀኝ ሲያይ ተከፍቷል፣ ወደ ግራ ሲያይ ተዘግቷል። ሁሉም የተጻፈው በቀኝ ለሚመታ ሰው ነው፤ ግራኞች ግራና ቀኙን ገልብጠው ያንብቡት።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ሁለት አሠልጣኞች ጋ ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው «ኳሱ ጋ ስትደርስ ክንዶችህን አዙራቸው» ይለኝ ነበር። ሁለተኛው «እጅህን ተወው፣ በሰውነትህ ዙር» ይላል። ኳሴ ግን እስከ ዛሬ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ዛፍ ውስጥ ይገባል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ምክሮች ለሚሆኑት ሰው ከተሰጡ ልክ ናቸው። ለእርስዎ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ መታየት ያለበት ክንድዎ ሳይሆን የዱላ አያያዝዎ ነው።

ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ኳሱን በነካበት ቅጽበት ፊቱ ያየበት አቅጣጫ ነው። በራዳር ሲለካ በድራይቨር (ለሩቅ ምት በሚሆነው ረጅሙ ዱላ) ከመቶው 85 ያህሉ፣ በአይረን (በቁጥር በሚለየው ባለ ብረት ራስ ዱላ) 75 ያህሉ የፊቱ ድርሻ ነው፤ የቀረው ዱላው የተጓዘበት መንገድ ድርሻ ነው። ኳሱ አየር ላይ የሚታጠፈው ደግሞ ፊቱና መንገዱ ሲለያዩ ነው። ፊቱ ከመንገዱ ወደ ቀኝ ካየ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የእርስዎ ስላይስ ይኸው ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ «ፊቱን ምን ይዝጋልኝ?» ወደሚል ይጠቃለላል።

ፊቱን የሚያዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የእጅ አያያዝ፣ የግራ እጅ አንጓ መታጠፍ እና የክንድ መዞር። እንደ ሦስት ጉልቻ ይቁጠሯቸው። አንዱን አንቀሳቅሰው ሌሎቹን እንደነበሩ ከተዉ ድስቱ ይዘማል። አሠልጣኞች በዚህ ጉዳይ የሚጣሉት ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ስለ አንዱ ጉልቻ ብቻ ስለሚናገር ነው።

7 አይረን ይያዙና እንደሚመቱ ሆነው ቆመው ወደ ግራ እጅዎ ጀርባ ይመልከቱ። የጣቶቹ መነሻ ጉብታዎች ስንት ይታዩዎታል? አንድ ብቻ ከሆነ አያያዝዎ «ደካማ» ይባላል። ስሙ የእጁን አቀማመጥ እንጂ ጉልበትን አይመለከትም። ሁለት ወይም ሁለት ተኩል መካከለኛ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ «ጠንካራ»። ለማረጋገጥ በቀኝ እጅዎ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ያለውን መስመር ይከተሉ። ወደ አገጭዎ ካመለከተ ደካማ ነው፤ በአገጭዎና በቀኝ ትከሻዎ መካከል ካመለከተ መካከለኛ፤ ከቀኝ ትከሻ ውጭ ከወጣ ጠንካራ።

በደካማ አያያዝ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ኳሱ ጋ ለማድረስ ክንዶች ብዙ መዞር አለባቸው፣ ያውም ቀደም ብለው። የድሮው አሜሪካዊ ሻምፒዮን ቤን ሆጋን በወጣትነቱ ኳሱ ወደ ግራ እየተጠመዘዘ ስላስቸገረው አያያዙን አዳከመ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኳሱ ሲቀርብ የግራ ክንዱን አጥብቆ ማዞር ይችል ነበር፣ ሌሎችንም እንዲህ አስተማረ። ችግሩ አያያዙን የቀዱት አብዛኞቹ ሰዎች ሕመማቸው ከእሱ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ የሁክ (ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ኳስ) መድኃኒት ለስላይስ በሽተኛ ሲሰጥ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ከታላላቆቹ ውድድሮች የ2016ቱን የዩኤስ ኦፕንና የ2020ውን ማስተርስ ያሸነፈው ደስቲን ጆንሰን አለ። አያያዙ ወደ ጠንካራው ያደላል፤ ዱላው ከላይ ሲደርስ የግራ አንጓው ወደ መዳፉ በኩል በግልጽ ይታጠፋል፣ ፊቱም ያኔውኑ ዝግ ነው። እሱ በዚህ ላይ ክንዱን ቢያዞር ኳሱ ወደ ግራ በጠለቀ ነበር። የሚያድነው ሰውነቱን በፍጥነት ማዞሩ ነው። የሁለተኛው አሠልጣኝዎ ምክር የሚሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ከገለጹት ተነስተን ስንገምት አንድ ጉብታ የሚታይበት አያያዝ ይዘው «እጅህን ተወው» የሚለውን ምክር እየተከተሉ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በመጀመሪያ አያያዙን ያስተካክሉ። ዱላውን ሳያንቀሳቅሱ ግራ እጅዎን ከፍተው ሁለት ተኩል ጉብታ እስኪታይ ወደ ቀኝ ያዙሩትና እንደገና ይያዙ። ቀኝ እጅዎ ተከትሎት ይዙር። መቶ ያህል ኳስ እስኪመቱ ሌላ ምንም አይቀይሩ። አያያዙንም የክንዱንም ዙር በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደረዳዎት አያውቁም።

ስለ መጀመሪያው አሠልጣኝዎ ደግሞ፦ ሐሳቡ ልክ ቢሆንም «ኳሱ ጋ ስትደርስ» የሚለው ሰዓቱን ስቷል። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሱ ጋ የሚደርሰው በሩብ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ኳሱ ፊቱ ላይ የሚቆየው ደግሞ ለግማሽ ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አስቦ የሚዞር እጅ የለም። ዙሩ እጆች ቀኝ ጭንዎን ሲያልፉ ተጀምሮ መሆን አለበት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ግራና ቀኝ ክንድ ከመነሻ እስከ ፍጻሜ ወዴት ወዴት እንደሚዞሩ ብታስረዱኝ። በስልክ እቀርጻለሁ፣ ግን ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም።

መልስ፦ መጀመሪያ ስልኩን እናስተካክል። በተለመደው ቀረጻ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ስለሚነሳ ከላይ እስከ ኳሱ ያለው ጉዞ ሰባት ስምንት ምስል ነው፤ ዋናው ነገር በመካከላቸው ያመልጥዎታል። በሰከንድ 240 ወደሚያነሳው የዝግታ ቀረጻ ይቀይሩት፤ 60 ያህል ምስል ያገኛሉ። ስልኩ በእጅዎ ከፍታ ይቁም። አንድ ጊዜ ከኋላዎ ሆኖ በእጆችዎ በኩል ወደ ዒላማው ይይ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከደረትዎ ፊት ለፊት።

አሁን ዱላ ሳይዙ ክርንዎን በ90 ዲግሪ አጥፈው ጎንዎ ላይ ይለጥፉና እርሳስ በጡጫዎ ቀጥ አድርገው ይያዙ። ጡጫዎን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲያዞሩት እርሳሱ ወደ እያንዳንዱ ጎን 80 ዲግሪ ያህል ይጋደማል። የክንድ መዞር ማለት ይህ ነው፤ ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ሲጠመዘዝ። ክርንዎን ዘርግተው ቢደግሙት ዙሩ ይበዛል፤ ትከሻ ስለተጨመረበት ነው። በስዊንግ ጊዜ «ክንዱ ዞረ» የምንለው ከፊሉ የትከሻ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ትከሻው የደረቀ ሰው ክንዱን ቢወቅስ በከንቱ ነው።

መነሻ ላይ ሁለቱ እጆች ከትከሻ ዝም ብለው የተንጠለጠሉ ናቸው። በእጀታው ጫፍና በጭንዎ መካከል በአይረን አንድ ጡጫ፣ በድራይቨር አንድ ተኩል ወይም ሁለት ጡጫ ይግባ።

ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ የግራ ክንድ መዳፉ ወደ መሬት እንዲያደላ ይዞራል፤ ቀኙ ወደ ሰማይ። ዘንጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ቪዲዮውን ያቁሙ። የዱላው ራስ ጫፍ ወደ ሰማይ ያመልክት፣ ወይም ጥቂት ወደ ኳሱ ዘንበል ይበል። ፊቱ ራሱ ሰማይ የሚያይ ከሆነና የዱላው ራስ ከእጆችዎ ኋላ ወደ ጀርባዎ ከገባ ክንዶች ከልክ በላይ ዞረዋል። ይህ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ መዘዙም የሚታየው ዘግይቶ ነው፣ ምክንያቱም ጀርባ የገባ ዱላ ሲወርድ ወደ ውጭ ተወርውሮ ካልሆነ ኳሱን አያገኝም። ፊቱ መሬት የሚያይ ከሆነ ደግሞ ክንዶች ምንም አልዞሩም።

የግራ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ዘንጉ ከክንዱ ጋር 90 ዲግሪ ያህል ይሠራል። የእጀታውን ጫፍ በመስመር ወደ መሬት ቢያራዝሙት በኳሱና በእግር ጣቶችዎ መካከል ይረፍ። ከኳሱ አልፎ ከሄደ ዱላው ተኝቷል፤ ጫማዎ ላይ ካረፈ ከመጠን በላይ ቆሟል። ላይ ሲደርሱ የቀኝ ክርን 90 ዲግሪ አካባቢ ታጥፎ ወደ መሬት ያያል፣ የቀኝ መዳፍዎም ትሪ የተሸከመ አስተናጋጅ መዳፍ ይመስላል። ትከሻ 90፣ ዳሌ 45 ዲግሪ ያህል ዞረዋል። ዳሌዎ ከዚህ ቢያንስ ግድ የለም፤ ትከሻዎ ቢያንስ ግን ክንድ ብቻውን የቀረውን ሊሞላ ይሞክራል።

ከላይ መውረድ ሲጀምር ክንዶች ለመመለስ አይቸኩሉም። የቀኝ ክርን ወደ ጎድን ተጠግቶ ይወርዳል፣ የግራ ክንድም እንደዞረ ይቆያል። እጆች የቀኝ ጭንን ሲያልፉ የግራው መዳፉ ምጽዋት እንደሚቀበል እጅ ወደ ሰማይ መዞር ይጀምራል፤ ቀኙ ደግሞ ከጀበና ቡና ሲቀዳ ክንድ የሚያደርገውን ያደርጋል፣ መዳፉ ወደ ታች ይመጣል። በ7 አይረን ኳሱ ሲመታ እጆች ከኳሱ ቀድመው ወደ ዒላማው ተሻግረዋል፣ ዘንጉም 5 ወይም 10 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ያዘነብላል። የግራ አንጓ ጠፍጣፋ ነው፣ የቀኝ አንጓ ገና ወደ ኋላ እንደታጠፈ ነው፣ የቀኝ ክርንም ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ሁለቱም እጆች የሚዘረጉት ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው። በቪዲዮዎ ላይ ኳሱ ሳይነካ ቀኝ ክንድዎ ቀጥ ብሎ ካዩ ዱላው ቀድሞ ተወርውሯል።

ኳሱ ከሄደ በኋላ፣ በማዶ በኩል ዘንጉ እንደገና ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን የዱላው ራስ ጫፍ ሰማይ ያያል፣ የቀኝ ክንድም ከግራው በላይ ይታያል። ጠንካራ አያያዝ ያለው ሰው ላይ ይህ መሻገር ያንሳል፣ ያነሰም መሆን አለበት።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አገር ቤት ገና እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ክንዴ ጠንካራ ነው፣ በሙሉ ጉልበቴ ነው የምመታው። ሆኖም ከእኔ የቀጠኑ ሰዎች 30 ሜትር ይበልጡኛል። ለምን?

መልስ፦ የገና ዱላ ክብ ነው፤ ጥንጉን በየትኛውም ጎኑ ቢያገኙት ይሄዳል፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ፊት የለውም። ስለዚህ ክንድዎ የተማረው መግፋትን ነው። ጎልፍ የሚጠይቀው ፍጥነትን ነው፣ ያ ደግሞ ከጅራፍ ይቀርባል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ጅራፉ የሚጮኸው እጅ አብሮት ሲሮጥ አይደለም፤ እጅ ገታ ሲል ፍጥነቱ ወደ ጫፉ ሲሻገር ነው። በስዊንግም ተራው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዳሌ፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ክንዶች፣ መጨረሻ ዱላው ይፈጥናል፤ እያንዳንዱ ፍጥነቱን ለሚቀጥለው ሲያስረክብ ራሱ ይቀንሳል። ክንዶች ተራቸውን ሳይጠብቁ ከላይ ከጀመሩ የሚረከቡት ነገር የለም።

በጉልበት መምታት ሌላም ይሰርቃል። እጀታውን ሲጨብጡ የክንድ ጡንቻዎች ይደርቃሉ፣ የደረቀ ክንድ ደግሞ በሩብ ሰከንድ ውስጥ አይዞርም፣ አንጓም አይፈታም። ከአንድ እስከ አሥር ባለ መለኪያ ጭብጥዎ አራት ወይም አምስት ላይ ይሁን። ዋናው ጫና በግራ እጅ የመጨረሻ ሦስት ጣቶች ላይ ነው፤ የቀኝ እጅ አውራና ሌባ ጣት ሲጨብጡ ክንዱን በሙሉ ያስራሉና እነሱን ያላሉ።

ልምምዱ ይህ ነው። ድራይቨሩን ገልብጠው ከራሱ በታች ዘንጉን ይያዙና ያለ ኳስ ያወዛውዙ። «ውሽ» የሚለው ድምፅ የት ነው የሚሰማው? ከቀኝ ጆሮዎ አጠገብ ወይም ከቀኝ እግርዎ በላይ ከሆነ ፍጥነትዎን ከኳሱ በፊት ጨርሰዋል። ድምፁ ኳሱ ካለበት ቦታ አልፎ ወደ ግራ እግርዎ እስኪሸጋገር ይደጋግሙት። ለማሸጋገር የሚያስፈልገው መዘግየት ነው፤ በግራ ክንድና በዘንጉ መካከል ያለው 90 ዲግሪ እጆች ዳሌ ከፍታ እስኪደርሱ ሳይፈታ ይቆይ። አሥር ጊዜ ካወዛወዙ በኋላ ዱላውን መልሰው ሦስት ኳስ ይምቱ፣ ከዚያ ደግመው ይገልብጡ። መጀመሪያ ላይ ኳሱ ወደ ቀኝ ሊሄድብዎት ይችላል። ዱላው ሲዘገይ ፊቱም ስለሚዘገይ ነው፣ ያን ጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ወዳለው የአያያዝ ምርመራ ይመለሱ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ 61 ዓመቴ ነው። ግራ ክርኔ ድሮ ተሰብሮ ስለነበር ቀጥ አይልልኝም። «ግራ እጅ ካልተዘረጋ ጎልፍ የለም» ተባልኩ። እውነት ነው? በሚቀጥለው ወር ልጄ ጋ ዱባይ ሄጄ እዚያ መጫወት አስቤያለሁ።

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። አሜሪካዊው ካልቪን ፒት በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክርኑ ስለተሰበረ እጁን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አይችልም ነበር። በአሜሪካ ባለሙያዎች የውድድር ዙር፣ በፒጂኤ ቱር፣ 12 ጊዜ አሸንፏል፤ ከ1981 እስከ 1990 በተከታታይ አሥር ዓመት የድራይቨር ምቱን ፌርዌይ (ሣሩ አጥሮ የተቆረጠው የሜዳው መሃል) ላይ በማሳረፍ አንደኛ የነበረው እሱ ነው።

አስፈላጊው ነገር ክርኑ በስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ሳይሆን ያ መታጠፍ ከመነሻ እስከ ኳሱ አለመለዋወጡ ነው። በግራ ትከሻዎና በእጅዎ መካከል ያለው ርቀት ላይ ሲወጡ ካጠረ ሲወርዱ በትክክል መመለስ አለበት፤ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሳሳት የኳሱን አናት ይመታሉ ወይም ከኋላው መሬት ይቆፍራሉ። ስለዚህ መነሻ ላይ ክርንዎ በሚደላው መጠን ታጥፎ ይቁም፣ እንዲዘረጋ አያስገድዱት። ወደ ኋላ ሲወስዱ የግራ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ የሚገኘው ርቀት ጥቂት ነው፣ የሚታጠፈው ግን ያኔ ነው። ጤነኛ ክርን ያለውም ሰው ቢሆን ክርኑን አግትሮ መቆለፍ የለበትም፤ የተቆለፈ ክርን ከበላዩ ትከሻን፣ ከበታቹ አንጓን ያደርቃል።

ስለ ዱባይ አንድ ነገር ይወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ኳሱን ብዙም አይገታውም፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ ርቀት ይጨምርልዎታል። ግን የሚያጥፈውም ያው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለው ኳስዎ ዱባይ ላይ በተመሳሳይ ምት ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል፤ ርቀቱም ያጥራል። ክንዴ ተበላሸ ብለው ስዊንግዎን አይቀይሩ። ለተመሳሳይ ርቀት አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ አይረን ይምረጡ፣ በ8 ይመቱ የነበረውን በ7።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ኳሱን ከመታሁ በኋላ ግራ ክርኔ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ውጭ ይወጣል። «ክርንህን አስገባ» ይሉኛል፤ ስሞክር ይብስብኛል።

መልስ፦ ይብስብሃል፣ ምክንያቱም ክርኑ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ክንፉ የሚወጣው ከሚከተሉት በአንዱ ነው። ፊቱ ተከፍቶ ስለሚመጣ ክርንህ ዱላውን ወደ ግራ ሊጎትት ይሞክራል፤ ወይም ደረትህ ኳሱ ጋ ሲደርስ ስለሚቆም እጆችህ የሚያልፉበት ቦታ አጥተው ይታጠፋሉ፤ ወይም ለኳሱ በጣም ቀርበህ ቆመሃል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ቀላሉ መንገድ ኳሱን ማየት ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ ፊቱ ነው። ቀጥ ብሎ ግን ዝቅ ብሎና ደክሞ የሚሄድ ከሆነ ደረትህ ቆሟል። ኳሱ ወደ ዘንጉ በቀረበው የፊቱ ክፍል ላይ ምልክት የሚተው ከሆነ ቀርበሃል፣ የጫማህን ጣት ያህል ራቅ።

ጓንትህን አውልቀህ በግራ ብብትህ ሥር አድርግ። በ9 አይረን፣ እጆችህ ከወገብ ከፍታ ሳያልፉ ወደ ኋላም ወደ ፊትም፣ ጓንቱ ሳይወድቅ 20 ኳስ ምታ። በየምቱ መጨረሻ ቁምና ሁለት ነገር ተመልከት፦ የቀበቶህ መቆለፊያ ወደ ዒላማው አይቷል? የዱላው ራስ ጫፍ ሰማይ አይቷል? ሁለቱ ከሆኑ ክርንህ ሳታዘው ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው ከፍ አድርገህ የምትመታው። ጓንቱ በሙሉ ስዊንግ ላይ ኳሱ ከሄደ በኋላ ቢወድቅ ምንም አይደለም፤ ሙሉ ስዊንግ ላይ ብብቱን ጨብጦ ለመያዝ የሚታገል ሰው ሌላ ችግር ይፈጥራል።

የ2015ቱን ማስተርስና ዩኤስ ኦፕን ያሸነፈውን ጆርዳን ስፒትን ተመልክተህ «እሱስ ክርኑ ይታጠፍ የለ?» ማለትህ አይቀርም። ይታጠፋል። ግን እሱ ፊቱ እንዳይዘጋበት ነው የሚይዘው፣ ደረቱም አይቆምም። ያንተ ከተከፈተ ፊት የመጣ ነው። መልኩ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ተቃራኒ ነው።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በሳምንት ሦስት ቀን መለማመጃው ላይ ሁለት ሁለት ቅርጫት ኳስ እመታለሁ። አሁን የግራ ክርኔ ውጫዊ ጎን ያመኛል፤ የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ እንኳ ይሰማኛል። ወጌሻ ጋ ሄጄ ልታሽ?

መልስ፦ አይሂዱ። የተናጋ ወይም የወለቀ ነገር የለም፤ የተጎዳው አንጓን ወደ ኋላ የሚያነሱት ጡንቻዎች አጥንቱን የሚይዙበት ጅማት ነው፣ በኃይል መታሸት ያባብሰዋል። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚመጣው ሕመም «የጎልፍ ተጫዋች ክርን» የሚል ስም ቢያገኝም (ብዙውን ጊዜ በቀኝ እጅ ነው) በአማተሮች ዘንድ እንደ እርስዎ በግራው ውጫዊ ጎን የሚያማቸው ይበዛሉ።

ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ፤ መለማመጃው ላይ ኳስ የሚመቱበት ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ነው። ሣር ላይ ከኳሱ ኋላ መሬት ቢመቱ ዱላው አፈር ቆርሶ ያልፋል። በምንጣፍ ላይ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ዱላውን ይመልሰዋል፣ ድንጋጤውም በዘንጉ ወደ ክርን ይወጣል። ምንጣፉ ዱላውን ስለሚያንሸራትትልዎ ኳሱ ደህና ይሄዳል፣ ስለዚህ ጥፋትዎን ሳያውቁ 150 ጊዜ ይደግሙታል። በዚህ ላይ የቀጠነ ወይም ያረጀ እጀታ ጭብጥን ያስጠብቃል። ግራ እጅዎ ሲይዝ የመካከለኞቹ ሁለት ጣቶች ጫፍ የአውራ ጣትዎን ሥር ሥጋ ለስለስ ብሎ መንካት አለበት፤ እዚያው ከተቀበረ እጀታው ቀጥኗል።

ሁለት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስዊንግ ይተዉ፤ ፓት (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልለውን አጭር ምት) መምታት ይችላሉ። ሕመሙ ሲቀልል ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው መዳፍዎ ወደ ታች ሆኖ እጅዎ ከጠርዙ ይውጣ። አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይያዙ፤ ክብደቱ 1 ኪሎ ነው። በሌላው እጅዎ ረድተው ወደ ላይ ያንሱት፣ በታመመው እጅ ብቻ በአራት ሰከንድ ቀስ ብለው ያውርዱት። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን አንዴ። መጠነኛ ስሜት ይኖራል፤ የሚወጋ ሕመም ከሆነ ግማሽ ሊትር ያድርጉት። ክንድን ለማዞር ደግሞ መዶሻ ከእጀታው ጫፍ ይዘው ክርንዎን ጎንዎ ላይ ለጥፈው መዳፍዎን ቀስ ብለው ወደ ሰማይና ወደ መሬት ያዙሩ፣ አሥር ጊዜ ሁለት ዙር።

ሲመለሱ ኳስ ሁሉ በቲ (ኳሱን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ይሁን፣ 30 ኳስ አይለፍ፣ በተከታታይ ቀናትም አይሁን። ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ክርኑ ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳዎት፣ ወይም ስድስት ሳምንት አልፎ ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ፓት ስመታስ ክንዴን ላዙር? ዘንጉን ክንዳቸው ላይ ለጥፈው የሚመቱ ባለሙያዎች አያለሁ፤ ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ፦ አያዙሩ። በፓት ላይ ትከሻ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፣ ክንዶች ተከትለውት ይሄዳሉ፣ አንጓ ዝም ይላል። ሁለት ሜትር የማይሞላ ፓት የሚስቱ ብዙዎች የሚስቱት የቀኝ ክንዳቸው በመጨረሻዋ ቅጽበት ስለሚዞር ነው። ቀላሉ መከላከያ ግራ እጅን ከቀኝ በታች አድርጎ መያዝ ነው።

ያዩት አያያዝ የተፈቀደ ነው። ከ2016 ጀምሮ የተከለከለው ዱላውን ወይም የያዘውን እጅ ሰውነት ላይ፣ ለምሳሌ ሆድ ወይም ደረት ላይ መደገፍ ነው። ክንድን ሰውነት ላይ ለጥፎ መደገፊያ ማድረግም አይፈቀድም። እጀታው በግራ ክንድ ላይ ብቻ ቢያርፍ ግን ሕግ አልተጣሰም። አሜሪካዊው ባለሙያ ብራይሰን ዴሻምቦ የ2020ውንና የ2024ቱን ዩኤስ ኦፕን በዚህ አያያዝ አሸንፏል። ለመሞከር ካሰቡ በተለመደው ፓተርዎ (የፓት ዱላዎ) አይሞክሩት፤ እጀታው ክንድ ላይ ሲያርፍ እጆች ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ፊቱም ወደ መሬት ይደፋል። ረዘም ያለና ፊቱ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነበለ ፓተር ያስፈልገዋል።